«ሰኞ ተመለስ» ስላለችው ሠራተኛ

ከዚህ ቀጥሎ የጻፍሁትን አሳብ በአንባቢያን ገጽ ላይ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ነገሩን ላይ ላዩን ሲያዩት የአንድ ተማሪ የግል ወሬ ይመስላል፤ ዳሩ ግን በየመሥሪያ ቤቱ ተቀምጦ ይህን ገጽ የሚያነበውን ሁሉ የሚነካ ስለ ሆነ፥ አንባቢዎች ጥቂት ትዕግሥት እንዲያደርጉልኝ እጠይቃለሁ።

እኔ ከድሬዳዋ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኘው በጀልዴሳ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ባለፈው የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ሰሞን፥ ከቀትር በኋላ ሰውም ፍየሉም ጥላ በያዘበት ሰዓት፥ በሬ ተንኳኳ። ብከፍተው ዓምና ያስተማርሁት ልጅ ቆሞአል። የገረመኝ መምጣቱ አይደለም፤ በዚያ ሐሩር ወፍራም የሱፍ ሹራብ ለብሶ መምጣቱ ነው።

«ምነው፥ ያምሃል እንዴ?» አልሁት።

«ኧረ ደኅና ነኝ ቲቸር። ከደጋ መምጣቴን ሰው እንዲያውቅልኝ ብዬ ነው» አለና ሳቀ። ወዲያውም ሹራቡን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ከኪሱ አራት ጊዜ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ፤ በዩኒቨርሲቲ ያገኘውን የመጀመሪያውን መንፈቅ ውጤት በገዛ እጁ ገልብጦ ነው ያመጣው። ጠቅላላ ነጥቡ 2.6 ነው። ይህ ቁጥር በትልቅ ከተማ ለሚኖር አባት የሚያስቆጣ እንጂ የሚያስደስት ላይሆን ይችላል። እኔ ግን ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ ከዚያም ተነሥቼ ሻይ አፈላሁ።

ሻዩን እየጠጣን ያጫወተኝን እንደ ትዝታዬ እጽፈዋለሁ።

መጀመሪያ ያነሣው ብርዱን ነው። የተመደበበት ዩኒቨርሲቲ በደጋ አገር ያለ ነው፤ በሌላውም ያው ስለ ሆነ ስሙን ማንሣት አያስፈልግም። ልጁ ከዚህ ሲነሣ እናቱ የሸከፈችለት አንድ አንሶላና ሁለት ሽርጥ ነበር። በእኛ ቆላ ብርድ ልብስ ለሕመምተኛ ካልሆነ ማንም አያስበውም። የመጀመሪያዪቱን ሌሊት ያለውን ልብስ ሁሉ ደራርቦ፥ ጫማውን ሳያወልቅ፥ አልጋው ላይ ተቀምጦ አደረ። አብረውት የሚያድሩት ልጆች ብርድ ልብስ የሌለው መሆኑን ያወቁት በሦስተኛው ቀን ነው። እርሱ ለመናገር አፈረ፤ እነርሱም «ይህ ልጅ እንቅልፍ አይወድም» እያሉ ሲስቁበት ሰነበቱ።

ቀጥሎ የነገረኝ ስለ ትምህርቱ አሰጣጥ ነው። የመጀመሪያው ሌክቸር ሲጀመር ደብተሩን ዘርግቶ፥ እስክሪብቶውን ይዞ፥ መምህሩ በሰሌዳው ላይ መጻፍ እስኪጀምሩ ጠበቀ። መምህሩ ወዲያና ወዲህ እየተንጐራደዱ በእንግሊዝኛ ይናገራሉ። እርሱ ይጠብቃል። ሁለት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ሲቀር መምህሩ ቦርሳቸውን አንሥተው ወጡ። ሰሌዳው እንደ ነጻ፥ የእርሱም ደብተር እንደ ነጻ ቀረ። ዞር ብሎ ቢያይ ከአጠገቡ የተቀመጠችው ልጅ ሦስት ገጽ ጽፋለች። «ከየት ገለበጥሽው?» ብሎ ጠየቃት። ልጅቱ የሚቀልድባት መስሎአት መልስ ሳትሰጠው ሄደች።

ይህ ልጅ ሰነፍ አይደለም። በቤቱ ሶማልኛ፥ በገበያ ኦሮምኛ ይናገራል፤ አማርኛውን በተማሪ ቤትና በድሬዳዋ መንገድ ላይ አገኘው፤ እንግሊዝኛውን ግን ከመጽሐፍ በቀር ከሰው አፍ አልሰማውም። «ቲቸር፥ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ቢሆንም እርስዎ ያስረዱን የነበረው እኮ በአማርኛ ነው» አለኝ። ሊወቅሰኝ አልነበረም፤ እንዲያውም በደንብ ይገባን ነበር ለማለት ነው። የያዝሁት ሻይ ግን በጉሮሮዬ አልወርድ አለ።

ሦስተኛው ነገር ለእኛ አዲስ ነው። በዛሬው ዩኒቨርሲቲ ሀንድአውቱም፥ የፈተናው ቀንም፥ የክፍሉ መለወጥም የሚነገረው በቴሌግራም ነው። ልጁ የያዛት ስልክ ደግሞ ባለ ቁልፍ ናት፤ ትደውላለች፥ ትበራለች፥ ሌላ ነገር አታውቅም። የሎጂክ የመጀመሪያ ፈተና ይሰጣል በተባለበት ሰዓት ክፍሉ በር ላይ ቢደርስ ማንም የለም። ፈተናው ወደ ትናንት ማታ ተዛውሮ፥ ሌሎቹ ሁሉ ተፈትነው አልቀዋል። ከሃያ ዜሮ። እንዲህ ያለውን ነገር ለማን እንደሚያመለክት አያውቅም። በጀልዴሳ ቢሆን ወደ እኔ ይመጣ ነበር። የዩኒቨርሲቲ መምህር በር ሊንኳኳ ይችላል ብሎ አላሰበም።

በዚያው ሳምንት፥ ሐሙስ ቀን፥ ሻንጣውን አሰረና ወደ ሬጅስትራር ቢሮ ሄደ። በመስኮቱ ውስጥ አንዲት ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ሠራተኛ ተቀምጠዋል።

«የመልቀቂያ ቅጽ ፈልጌ ነበር።»

«ለማን ነው?»

«ለእኔ።»

ሴትዮዋ ቀና ብለው አዩት። «ከየት ነው የመጣኸው ልጄ?»

«ከድሬዳዋ፥ ከጀልዴሳ።»

«ምሳ በልተሃል?»

«አልበላሁም።»

ሴትዮዋ በፊታቸው ያለውን የወረቀት ክምር አስተካከሉና፥ «ቅጹ ዛሬ አልቆአል። ሰኞ ተመለስ። እስከዚያው ሂድና ምሳህን ብላ» አሉት።

እዚህ ላይ ልጁ ሻዩን አስቀመጠና ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፥ «ቅጹ እኮ ፊታቸው ነበር ቲቸር! ርእሱን ሁሉ አንብቤዋለሁ» አለኝ።

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤ «ነገ ተመለስ» የሚለው ቃል በአገራችን ስንት ሰው እንዳስለቀሰ እኔም አንባቢዎችም እናውቀዋለን። እኔ ራሴ አንድ የትምህርት ማስረጃ ለማውጣት ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ዘጠኝ ቀን ተመላልሻለሁ፤ በዘጠነኛው ቀን የተሰጠኝ ወረቀት የአያቴ ስም የተሳሳተበት ነበር። ስለዚህ ለዚህ ቃል ጠበቃ እቆማለሁ ብዬ ከቶ አላሰብሁም ነበር። ነገር ግን ይህች ሴት በዚህች ቃል አንድ ልጅ ለአራት ቀን አሰሩት። ቅዳሜና እሑድ አለፈ። ሰኞ ጠዋት ተመልሶ ሲሄድ በመስኮቱ አጠገብ አንድ ወጣት ቆሞ ይጠብቀዋል፤ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ፥ የድሬዳዋ ልጅ ነው። ሴትዮዋ በመዝገባቸው ፈልገው፥ ስልክ ደውለው ነው ያመጡት። ይህን የማድረግ ግዴታ በየትኛውም የሥራ ዝርዝር አልተጻፈባቸውም።

ወጣቱ መጀመሪያ ያደረገው ልጁን ይዞ ወደ ሎጂክ መምህሩ በር ሄዶ ማንኳኳት ነበር። መምህሩም ነገሩን ሰምተው ሌላ ፈተና ሰጡት። ሁለተኛም፥ መስተዋቱ የተሰነጠቀ ነገር ግን ቴሌግራም የሚከፍት አሮጌ ስልክ አዋሰው። ሦስተኛ፥ የዓምናውን ሀንድአውት ሰጠው፤ ሌክቸሩ ከመጀመሩ በፊት አንብቦ ቢገባ ንግግሩ ግማሽ በግማሽ እንደሚሰማው አስተማረው። ሹራቡም የእርሱ ነው። እነዚህን ነገሮች ሁሉ ብንደምራቸው አንድ ደኅና ምሳ የሚያወጣውን ገንዘብ አያወጡም።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ኖሮ ለጋዜጣ ባልጻፍሁትም ነበር። ዳሩ ግን ከዚህ ልጅ ጋር በአንድ ወንበር የሚቀመጥ ሌላ ልጅ ነበረኝ። በ12ኛ ክፍል ፈተና ከእርሱ የበለጠ ነጥብ ያገኘ ነው። ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ተመደበ። የደረሰበትም ነገር ከሞላ ጐደል ያው ነው፤ እንደ ሰማሁት አንድ ቀን በመብል አዳራሽ ካርዱ ጠፍቶበት ሁለት ቀን ሳይበላ ዋለ። እርሱም ወደ መስኮቱ ሄዶ ያንኑ ቅጽ ጠየቀ። እዚያ ያገኘው ሠራተኛ ትጉህ ነበር። ቅጹን ወዲያው ሰጠው፤ የት የት ማስፈረም እንዳለበት በጣቱ አሳየው፤ ከቤተ መጻሕፍቱ፥ ከፕሮክተሩና ከዕቃ ግምጃ ቤቱ አስፈርሞ ሲመለስ ማኅተሙ ተመታለት። ሁሉ ነገር ከምሳ በፊት አለቀ። በአገልግሎት አሰጣጥ መለኪያ ቢመዘን ያ ሠራተኛ ሙሉ ነጥብ ያገኛል፤ ያጠፋው አንዳች ነገር የለም።

ያ ልጅ ዛሬ ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ጭነት ያወርዳል። ለእናቱ «ዕረፍት ተሰጥቶን ነው» ብሎአቸው ነበር፤ ዕረፍቱ ሲረዝምባቸው መጠየቅ ተዉ። እኔ በዚያ ሳልፍ ካየኝ ከማዳበሪያው ክምር ኋላ ዞር ይላል። ጭነት ማውረድ ነውር ነው ማለቴ አይደለም፤ የብዙዎቹ ተማሪዎቼ አባቶች ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚሁ ሥራ ነው። የሚያሳዝነኝ መደበቁ ነው።

አሁን አንባቢዎች የጠፋውን ዋጋ እንዲገምቱልኝ ጥቂት ቁጥሮች ልጥቀስ። ብሔራዊው የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረበት ጊዜ ወዲህ ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት፥ በ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ከመቶ 3.3፥ በ2015 ዓ.ም. 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. 5.4፥ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ብቻ ናቸው። ከመቶ ልጆች ዘጠና ከዚያም በላይ በወንፊቱ ወድቀው የቀሩት ጥቂቶች ናቸው ማለት ነው። መንግሥት ለእነዚህ ጥቂቶች አሥራ ሁለት ዓመት መምህር ቀጥሮ፥ መጽሐፍ አሳትሞ፥ ፈታኝ አሰማርቶ፥ በመጨረሻው ልጁ በብርድ ልብስና በአንዲት የቴሌግራም መልእክት ምክንያት ተመልሶ ሲሄድ እጁን አጣጥፎ ያያል። ገበሬ እህሉን አርሶ፥ አርሞ፥ አጭዶ፥ ወቅቶ፥ በጐተራው አፍ ላይ ቢያፈስሰው ምን እንለዋለን?

መንግሥት ጨርሶ አላሰበበትም ለማለት አልደፍርም። የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት፥ ማለት ፍሬሽማን የሚባለው፥ ለዓመታት ተሰርዞ ከቆየ በኋላ በ2012 ዓ.ም. እንደገና የተመለሰው፥ ተማሪው በቀጥታ ወደ ሙያ ክፍል ከመግባቱ በፊት እግሩን እንዲተክል ታስቦ ነው። እንግሊዝኛውም፥ ሎጂኩም፥ ሥነ ልቡናውም፥ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊውም ለዚሁ የተሰናዳ ነው። (በዚህ በመጨረሻው ትምህርት ልጄ ጥሩ ውጤት አምጥቶአል፤ እኔ የማስተምረው ጂኦግራፊ ስለ ሆነ ይህን ሳልጠቅስ ማለፍ አልቻልሁም።) ነገር ግን የጋራ ትምህርቱ ብርድ ልብስ አያለብስም፤ የማንን በር ማንኳኳት እንደሚገባም አይናገርም።

እኔ ራሴ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት በ2001 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ፍሬሽማን ስላልነበረ በመጀመሪያው ቀን በቀጥታ በሙያ ክፍላችን ተቀመጥን። ያደግሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው፤ እዚያ ሁሉ ነገር በደወል ነበር። በደወል እንነሣለን፥ በደወል እንበላለን፥ ማታ ማታ አንድ አባ በመካከላችን እየተመላለሱ በደወል እናጠናለን። ደወሉን እጠላው ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ደወል የሌለበትን የመጀመሪያውን ሳምንት እንደ ገነት ቈጠርሁት። በአምስተኛው ሳምንት ግን የትኛውን መጽሐፍ እንዳላነበብሁ እንኳ የማላውቅ ሆንሁ። ማታ ስድስት ሰዓት ላይ በመኝታ ክፍላችን ደጃፍ ቆሜ፥ ያ ደወል አንድ ጊዜ ቢሰማኝ ምን ነበር እያልሁ የተመኘሁበትን ሌሊት አልረሳውም። የዳንሁት በምን እንደ ሆነ በትክክል አልናገርም፤ አንድ የክፍሌ ልጅ በየማታው ወደ ቤተ መጻሕፍት ሲሄድ በአልጋዬ ብረት ላይ በቁልፉ ያንኳኳብኝ ነበር። ይኸው ነው።

ነገር ግን የምናዘዘው ሌላ ነገር አለኝ። ክፍላችን ስምንት አልጋ ነበረው። ከእኔ በላይ ባለው አልጋ የሚተኛ አንድ ዝምተኛ ልጅ ነበር። በጥር ወር አንድ ማታ ከቤተ መጻሕፍት ስመለስ ፍራሹ ተጠቅልሎ በገመድ ታስሮአል። «ሄደ» አሉኝ። «ወዴት?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። በነጋታው ሻንጣዎቻችንን ከመሬት አንሥተን በእርሱ አልጋ ላይ ደረደርን፤ ክፍሉም ሰፋልን። ሦስት ወር ሙሉ በላዬ ሲገላበጥ እሰማው ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ ስሙን እንጂ የአባቱን ስም አላውቅም።

ስለዚህ ጉዳይ ከባልንጀሮቼ ጋር ስነጋገር ሁልጊዜ የምሰማው መልስ አንድ ነው፤ «እኛስ ማን ረድቶን አለፍን? ዩኒቨርሲቲ የሕፃናት መዋያ አይደለም፤ ያልቻለ ይመለሳል» ይላሉ። ይህ አነጋገር ወንድነት ያለበት ይመስላል። ዳሩ ግን ይህን የሚናገረው ያለፈው ሰው ብቻ ነው፤ የተመለሰው በጉባኤው የለም። ያለፈውም ቢሆን በሐቅ ቢመረምር በአልጋው ብረት ላይ ያንኳኳለት አንድ ሰው አያጣም። ረስቶት ነው እንጂ።

ይህን ነገር አንድ ቀን በሻይ ቤት ሳነሣው በአካባቢያችን የተከበሩ አንድ ሽማግሌ ያዳምጡ ነበር። «ማዓሊን» አሉኝ፤ በሶማልኛ መምህር ማለታቸው ነው። «ይህች ጀልዴሳ በምን እንደ ኖረች ታውቃለህ?» የማውቀውን ነገርኋቸው። የምድር ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከመድረሱ በፊት ከዘይላ ወደብ ወደ ሐረር የሚወጣው ነጋዴ መንገዱ በዚህ ነበር፤ ቀረጥም የሚከፈለው በዚሁ ነበር። «እርሱን መጽሐፉ ይናገራል» አሉ ሽማግሌው። «ግመሉ ከባሕር እስከዚህ በረሓውን ሁሉ ይሸከማል። ከዚህ በኋላ ያለው ዳገት ግን የእርሱ አይደለም። ስለዚህ ጭነቱ እዚህ ይወርድና በአህያና በበቅሎ ይጫናል። ግመሉን ሰነፍ ነው ያለው ማንም የለም። አንተ ግን ጭነቱን የሚያወርድና የሚጭን ሰው ባይኖር ምን ይሆን ነበር ብለህ ጠይቅ። ዕቃው በአሸዋው ላይ ይቀር ነበራ!» ብለው ከት ብለው ሳቁ። አያቶቻቸው የኖሩት በዚያ ማውረድና መጫን ነው።

ከእኔ ልጆች የጐደለው ይህ ሰው ነው። የእኔን ድርሻ አስቀድሜ ልናገር። ሹራብ ለባሹ ልጅ ከሄደ በኋላ ዘወትር ሐሙስ አንዱን ክፍለ ጊዜ በእንግሊዝኛ ብቻ፥ በሰሌዳው ላይ አንዲት ፊደል ሳልጽፍ፥ እየተንጐራደድሁ ማስተማር ጀምሬአለሁ። በመጀመሪያው ሐሙስ ከ43 ተማሪዎች በደብተራቸው አንድ ነገር የጻፉት አምስት ናቸው፤ ከአምስቱም አንዱ የጻፈው የራሱን ስም ነው። ሁለተኛው ሐሙስ ከዚህ ብዙ አልተሻለም። አንዳንዶቹም መምህሩ ታምመው ይሆን ብለው ለርእሰ መምህሩ ነገሩ። ሰሌዳ ሞልቶ መጻፍና ማስገልበጥ ለመምህሩም ለተማሪውም እንዴት የሚመች ነገር እንደ ነበረ የገባኝ አሁን ነው። ዐሥር ዓመት ያህል ልጆቼን መገልበጥ አስተምሬ፥ መስማት ባለመቻላቸው ስደነቅ ኖሬአለሁ።

ከዩኒቨርሲቲዎች የምለምነው ትንሽ ነው። በቴሌግራም የሚነገረው የፈተና ለውጥ በክፍሉ በር ላይም በወረቀት ይለጠፍ፤ አንዲት ወረቀትና ጥቂት ማጣበቂያ ነው። መምህራንም በመጀመሪያው ቀን «ቢሮዬ ይህ ነው፤ በዚህ ሰዓት አንኳኩ» ብለው አንድ ጊዜ ቢናገሩ፥ ከሩቅ የመጣው ልጅ ማንኳኳት የተፈቀደ መሆኑን ያውቃል።

ከሁሉ ይልቅ ግን የምናገረው ለእናንተ ለመንግሥት ሠራተኞች ነው። ዛሬ በአገራችን ዩኒቨርሲቲ የሌለበት ትልቅ ከተማ የለም ማለት ይቻላል። በእነዚህ ከተሞች ሁሉ ደግሞ ከሌላ አገር ተዛውሮ የሚሠራ ሰው አለ፤ የድሬዳዋ ልጅ በጐንደር፥ የጐጃም ልጅ በጅማ፥ የወላይታ ልጅ በጅግጅጋ በገንዘብ መሥሪያ ቤትም ሆነ በጤና ጣቢያ ተቀምጦአል። አዲስ ተማሪዎች በሚገቡበት ወር፥ ከተወለድህበት አገር የመጣ ልጅ እንዳለ ጠይቀህ አንድ ቅዳሜ ምሳ ብትጋብዘው ምን ይጐድልብሃል? ከአገርህ የመጣ ባይኖርም፥ ከማንም አገር የመጣውን ብትጋብዝ አትከስርም። ብርድ ልብስ ያለው መሆኑን ጠይቀው። ስልኩን እይለት። እርሱ አይነግርህም፤ አንተ ጠይቅ። ይህን ለማድረግ መመሪያም፥ በጀትም፥ ኮሚቴም አያስፈልግም። እንዲያውም ኮሚቴ የተቋቋመለት ዕለት ነገሩ ይሞታል ብዬ እፈራለሁ።

በመስኮት የምታገለግሉትም፤ ፈጥናችሁ አገልግሉ፥ እኔም ዘጠኝ ቀን አታመላልሱኝ። ነገር ግን አንድ የዐሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ብቻውን መጥቶ የመልቀቂያ ቅጽ ቢጠይቃችሁ፥ በዚያን ቀን ቅጹ ይለቅባችሁ።

ያ ሹራብ ለባሽ ልጅ ለሁለተኛው መንፈቅ ተመልሶ ሄዶአል። ከመሄዱ በፊት አብረን ድሬዳዋ ገበያ ወርደን ለሴትዮዋ አንድ ኪሎ ሐለዋ ገዛን፤ ገንዘቡን እኔ ልክፈል ብለው እምቢ አለኝ። ሐለዋውን አስይዘን ስንመለስ ሳላማክረው በቀፊራ በኩል ይዤው አለፍሁ። ጓደኛው ከክምሩ ኋላ ሳይሸሽ አገኘነው። ሁለቱ በሶማልኛ ረጅም ጊዜ ተነጋገሩ፤ እኔ ሶማልኛዬ ደካማ ስለ ሆነ ከንግግራቸው «ሰኞ» የሚለውን ቃል ብቻ ለየሁ። በሥርዓት ቅጽ ሞልቶ የወጣ ተማሪ እንደገና ለመቀበል ማመልከት ስለሚችል፥ በዚያው ሳምንት ሦስታችን በቤቴ ተቀምጠን ማመልከቻውን ጻፍን። ሦስት ጊዜ ገለበጥነው። መልሱ እስካሁን አልመጣም፤ እርሱ ግን በየሐሙሱ ከሥራ በኋላ እየመጣ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ያዳምጣል፥ ይጽፋልም።



አንድ መምህር
ከጀልዴሳ